የእንግዳ እንግዳ

ደንበጫ ጤና ጣቢያው ከሱቄ ፊት ለፊት፣
አስፋልት መሻገር ነው፣ ሃያ እርምጃ ቢሄዱት።
እኔ ግን በየወሩ ጎሕ ሲቀድ ተነሥቼ፣
የስፌት መኪናዬን በጨርቅ ሸፍኜ ትቼ፣
«ክር ልገዛ ነው» ብዬ ለጎረቤት ዋሽቼ፣
ፍኖተ ሰላም ድረስ፣ ለመድኃኒቴ ስል።
ጅጋ ላይ እወርዳለሁ፣ ሌላ መኪና ልከተል፤
ረዳት መልክ ይይዛል፣
መልክ የያዘ ባያወራም ይጠረጥራል።

ሲስተር ይታክቱ ስሜን ጮክ ብላ ጠርታው አታውቅም፣
ቁጥር ነው የምትጠራው፣ ከቁጥሩ አታልፍም።
እሷ ታውቃለች፤ ንስሐ አባቴ ያውቃሉ፤ እግዜር ያውቃል።
በሦስት ጉልቻ የተጣደ ምስጢር መች ይደፋል?

ታኅሣሥ ላይ፣ ወረፋ ስንጠብቅ፣ አንዲት የቡሬ ልጅ
«እትዬ፣ ክኒን የሚያስታውስ አፕ አለ፣ ልጫንልሽ» አለችኝ፤
«ከሰው ይሻላል።»
አመንኳት። ያኔ ለእኔ ከሰው የማይሻል ምን ነበር?

ደጅ ቆሞ እንደሚጣራ መንገደኛ ጠየቀኝ በትሕትና፦
«ያለሽበትን ልወቅ?»
ፍቀድ።
«ስልክሽ ላይ ያሉትን ሰዎች ልይ?»
ፍቀድ።
(ቁልፉ «ፍቀድ» ነው የሚለው፣ እኔን እንደ ወንድ ቆጥሮ።)
«ፎቶሽንስ? ድምፅሽንስ?»
ቤት የእግዜር ነው እንዲሉ፣ ፍቀድ፣ ፍቀድ፣ ፍቀድ።
አንድም ጊዜ ቆም ብዬ አልጠየቅሁም፦
ክኒን የሚቆጥር ፍጡር ሰዓት ካለው አይበቃውም?
የንስሐ አባቴ ስልክ ቁጥር ለምኑ ነው የሚጠቅም?

ጥሩ ነበር ግን፣ አልዋሽም።
ማታ ሦስት ሰዓት ሲሆን
ትራሴ ሥር ብርድ እንደያዘው ይንዘፈዘፋል፤
ስውጥለት አረንጓዴ ምልክት ይጽፋል።

ሰኔ ላይ መስታወቱ ተሰነጠቀና ለደሳለው ሰጠሁት፣
እዚያው ፍኖተ ሰላም፣ መናኸሪያው ጀርባ፣ ኮንቴይነር ውስጥ ላለው ቤት።
ምን አፕ እንደሆነ አላየሁም አለኝ። አይቷል።
ጆሮው ቀልቷል።
«እትዬ፣ ይህን የሠራው ሰው ብቻውን አልሰፋውም፤
ሆዱ ውስጥ ሌሎች አሉ፣ ስማቸው ከፊት አይጻፍም።
አንዱ የማስታወቂያ ነጋዴ ነው፣ አንዱ ቦታ ይመዘግባል፣
ይሄንን እኔም አላወቅሁት፤ ሠሪውም ላያውቀው ይችላል፤
ዝግጁ ቁራጭ ነው፣ በነጻ ያገኘዋል፣ ይጥፈዋል።»

ዝም አልኩ። ነገሩ ገብቶኛል።
ሠላሳ ዓመት ኮት ሰፍቻለሁ፣
ገበሩን ከባሕር ዳር አስመጣለሁ፣
ማን እንደሸመነው ጠይቄ አላውቅም እስከ ዛሬ፤
ግን ባለ ኮቱ የት እንደዋለ
ለሸማኔው አይናገርም ገበሬ።

አንድ እንግዳ ነበር ያስገባሁት፣ እሱም ከነትሕትናው፤
ለካስ እንግዳም እንግዳ አለው፣
ያም ሌላ፣ ያም ሌላ፤
እኔ መደብ ላይ አንዱን ሳጫውት ጓዳዬ ሞልቷል በኋላ።
ሴት መሆኔን እንኳ ያልለዩ፣ «ፍቀድ» የሚሉኝ እነዚህ፣
ጅጋ ላይ መኪና መቀየሬን ያውቃሉ፤
በወር አንዴ፣ ማክሰኞ፣ በየትኛው በር እንደምገባ
ከጎረቤቴ ቀድመው ያውቃሉ።

ደሳለው ሁሉንም ከለከለልኝ፣ አንድ በአንድ፣ በአውራ ጣቱ።
«የወጣውስ?» አልኩት።
የጸዳውን መስታወት በሸሚዙ እጅጌ መጥረግ ጀመረ።

አሁን ሠላሳ ቁልፍ በክር ሰክቻለሁ፣ የሸሚዝ፣ የካፖርት፣
አንዷን ክኒን ስውጥ አንዱን ወደዚያ ገፋ ነው፣ በሌሊት።
ማክሰኞ ስልኬን መሳቢያ ውስጥ ቆልፌበት እሄዳለሁ፤
«ሱቅ ናት» ይበሉ፣ «ስትቀድ ዋለች» ይበሉ፤
ለመጀመሪያ ጊዜ እሱ ይዋሽልኝ።

ጅጋ ወረድኩ። ሌላ መኪና እስኪሞላ
ነጠላዬን እስከ አፍንጫዬ ስቤ ቆሜያለሁ።
ከፊቴ አንድ ጎረምሳ ስልኩን ወደ መንገዱ አዙሮ
ገበያተኛውን ፎቶ ያነሣል።
ፊቴን አዞርኩ፤
ዘግይቼ ይሁን፣ ቀድሜ፣ አላውቅም።